ከንጣፉ ሥር ያለው ነገር

በጣውላ ወለል ላይ ለሚቀመጥ የብረት ምድጃ እሳት የማይደፍረው መሠረት ስለ መሥራት፤ ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ስለ ብዙ ነገር መናገር በቻልን ነበር፤ ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያዎች፣ ስለ መሠረተ ትምህርትም ብዙ የምንለው አለን። ዛሬ ግን የምናቀርብላችሁ ስለ አንድ ትንሽ ሥራ ነው። ርዝመቱ 160 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 140 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ንጣፍ ነው። ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነፍስ ሊያጠፋ የነበረ ሥራ ስለሆነ፣ ጥፋታችንንም እርማታችንንም በግልጽ ልንነግራችሁ ወደድን።

በደጋው አገር ካሉት የማሠልጠኛ ማዕከሎቻችን በአንዱ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አለ። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ እንጨትና ጭቃ ነው። ወለሉ ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ በወፍራም አግዳሚዎች ላይ የተነጠፈ የጽድ ጣውላ ነው። ከሥሩ አንድ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ባዶ ቦታ ሲኖር፣ አየር እንዲዘዋወርበት በድንጋዩ ግንብ ላይ ቀዳዳዎች ተትተውለታል። በክረምት ወራት ለሥልጠና የሚመጡ እናቶች ከነሕፃናታቸው የሚያድሩት በዚህ ቤት ነው። የደጋው ብርድ ምን ያህል እንደሚከብድ የአገሩ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህም ደጋፊዎቻችን በላኩት ገንዘብ በእንጨት የሚነድ፣ የጭስ መውጫ ቱቦ ያለው የብረት ምድጃ አሠራንለት። ያሞቃል፤ ለሕፃናቱም ውሃ ያፈላል።

ምድጃውን በባዶ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ እንደማይገባ እኛም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ግንበኛ ጠርተን በጣውላው ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ሊሾ አስደረግን፤ በላዩም ነጭ ሴራሚክ አስለጠፍን። ሲያልቅ ያማረ ሆነ። ፎቶግራፍ አንሥተን በዚሁ ጋዜጣ ላይ አወጣነው፤ ከሥሩም እናቶች ያለ ሥጋት የሚሞቁበት መሆኑን ጻፍን። ደስ ያላችሁ ብዙዎች እንደ ነበራችሁ እናስታውሳለን፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር።

በሁለተኛው ክረምት የማዕከሉ ዘበኛ ወደ ቢሮአችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው።

«ልጆቼ፣ ያ ቤት ሌሊት ሌሊት ይሸተኛል» አሉን።

«አባባ፣ የጭስ መውጫው ተዘግቶ ይሆናል፤ እናስጠርገዋለን» አልናቸው።

«የጭስማ ሽታ ሌላ ነው። ይህ እንጨት ሲከስል የሚሸተው ነው። እኔ በጎልማሳነቴ ከሰል ሳከስል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አፍንጫዬ አይስተውም» አሉ።

እኛ ግን ቱቦውን አስጠርገን፣ ነገሩ አለቀ ብለን ተመለስን። እርሳቸው አላረፉም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ በዚያ ዕድሜአቸው በአየር ቀዳዳው በኩል ተስበው ከወለሉ ሥር ገቡ። ልከውብን ስንደርስ ጃኬታቸው አቧራ፣ እጃቸው ጥላሸት ሆኖ አገኘናቸው። «አሁን አምናችሁኛል?» ብለው መዳፋቸውን አሳዩን።

በዚያው ቀን ሴራሚኩን በመዶሻ አስነሣን። ከሥሩ ያለው ጣውላ እንደ ከሰል ጠቁሮ በእጃችን ሲሰበር አየን። ከጣውላው በታች ያለው አግዳሚም ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ከስሎ ነበር። ያማረው ሴራሚክ ግን አንድ ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም። በዚያ ሳምንት በቤቱ ያድሩ የነበሩት 11 እናቶች ከነሕፃናታቸው ነበሩ። ወንድሞችና እህቶች፣ ያን ሌሊት ብዙዎቻችን እንቅልፍ አልወሰደንም።

እንግዲህ ምን ስሕተት እንደ ሠራን እንመርምር። ሴራሚክ አይነድም፤ ሲሚንቶም አይነድም። ይህ እውነት ነው። የማይነድ ነገር ሁሉ ግን ሙቀትን ያግዳል ማለት አይደለም። የብረት ምጣድ አይነድም፤ ነገር ግን እሳቱን ከሥር ተቀብሎ ወደ ላይ ያሳልፋል። ሴራሚክና ሲሚንቶም እንደ ብረት ባይሆኑም ሙቀት አሳላፊዎች ናቸው። ሲሚንቶ ከደረቅ እንጨት ይልቅ ሙቀትን አሥር እጥፍ ያህል ያሳልፋል። ይህም ማለት እኛ ያነጠፍነው ሦስት ሳንቲሜትር ሊሾና ሴራሚክ ሙቀትን በመከልከል ረገድ ከሦስት ወይም ከአራት ሚሊሜትር ጣውላ ብዙም አይሻልም ነበር። ከምድጃው የሚወድቀውን ፍም ይከላከላል፤ ከምድጃው ሆድ ወደ ታች የሚወርደውን ሙቀት ግን አይከላከልም። የእኛ ምድጃ እግሩ አምስት ሳንቲሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ ቀኑን ሙሉ ወለሉን ሲጋግረው ይውል ነበር።

ሁለተኛው ነገር እንጨት ስለሚነድበት መንገድ ነው። ጤነኛ እንጨት በአንድ ጊዜ እንዲቀጣጠል ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ወለሉ ያን ያህል ካልጋለ ምንም አይሆንም ብሎ ያስባል። ነገር ግን እንጨት ለወራትና ለዓመታት በየቀኑ ከ100 ዲግሪ ብዙም በማይበልጥ ሙቀት ሲጋገር ቀስ በቀስ መልኩ ይለወጣል፤ ይጠቁራል፤ ይከስላል። የከሰለ እንጨት ደግሞ ከጤነኛው እንጨት ይልቅ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ትናንት ያልነደደው ወለል ዛሬ በዚያው ሙቀት ሊነድ የሚችለው ስለዚህ ነው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ዓመቱ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይቀርባል።

አባባ ይህን በአንድ ቃል አስረዱን። «ከሰል እንዴት እንደሚከስል ታውቃላችሁ? እንጨቱን ትከምራለህ፣ በቅጠልና በአፈር ትደፍነዋለህ፣ አየር ትነሣዋለህ፤ በውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል። እናንተም ጣውላውን በሲሚንቶ ደፈናችሁና ከላይ እሳት አነደዳችሁበት» አሉን። እውነትም ነው። እኛ መከላከያ የሠራን መስሎን የከሰል ክምር ሠርተን ነበር።

አሁን እንዴት እንዳረምነው ደረጃ በደረጃ እንነግራችኋለን። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና በእንግዳ ማረፊያዎች ውስጥ የጣውላ ወለል ያላችሁ ብዙዎች ስለሆናችሁ፣ ልብ ብላችሁ እንድትከተሉን እንለምናለን።

በመጀመሪያ የከሰለውን እንጨት ሁሉ አስወገድን። የከሰለ እንጨት ላይ ሌላ ነገር ደርቦ መሸፈን ከቀድሞው የባሰ ጥፋት ነው። ጣውላዎቹንና የተጎዳውን አግዳሚ አናጢ ለወጠልን።

ሁለተኛ፣ ክብደቱን አሰብን። አሁን የምንሠራው መሠረት ከነምድጃው ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን የሚያህል ሸክም ሁለት ሜትር ካሬ ብዙም በማይበልጥ ስፍራ ላይ ሲያርፍ አሮጌ ወለል ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ ከወለሉ ሥር ገብተን፣ ሸክሙ በሚያርፍባቸው አግዳሚዎች ሥር በድንጋይና በሲሚንቶ አጫጭር ምሰሶዎች አስገነባን። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ቁራጭ ላሜራ አስገባን፤ ይኸውም የመሬት እርጥበት ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ ነው። የአየር ቀዳዳዎቹን ግን አልዘጋንም፤ ለወለሉ ጤና ያስፈልጋሉና።

ሦስተኛ፣ ስፋቱን ወሰንን። ምድጃችን ከፊት ወደ ኋላ 60 ሳንቲሜትር፣ ከግራ ወደ ቀኝ 50 ሳንቲሜትር ነው። ንጣፉ ከምድጃው በየአቅጣጫው ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር ትርፍ ሊኖረው ይገባል፤ በተለይ በበሩ በኩል፣ ማገዶ ሲጨመርና አመድ ሲዛቅ ፍም የሚወድቀው በዚያ ነውና። በዚህ ልክ ከፊት ወደ ኋላ ቢያንስ 150፣ ከግራ ወደ ቀኝ 140 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ እኛ ከፊት ወደ ኋላ ያለውን 160 አደረግነው። የመጀመሪያው ንጣፋችን ከምድጃው በሩ በኩል አንድ ስንዝር እንኳ አይተርፍም ነበር።

አራተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አየር ነው። ሙቀት ወደ ጣውላው ከመድረሱ በፊት የሚወስደው አየር ያስፈልጋል። ለዚህ የመረጥነው በየከተማው የሚገኘውን ባለ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ብሎኬት ነው። ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20 ሳንቲሜትር ነው። ብሎኬቱ በሰፊው ጎኑ ሲተኛ ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ይዞራሉ። እነዚህን ቀዳዳዎች በየተራው አገናኝተን ስንደረድራቸው፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የሚያልፍ የአየር መንገድ ይሆናሉ። ከፊት ወደ ኋላ አራት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሰባት ብሎኬት፣ በጠቅላላው 28 ብሎኬት ገባ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛው፣ ብሎኬቶቹ በጣውላው ላይ በደረቁ ይደረደራሉ እንጂ በሲሚንቶ አይጣበቁም። ጣውላ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም፤ ቢጣበቁ ንጣፉ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ብሎኬት ቀዳዳው በአንድ በኩል የተደፈነ ስለሆነ፣ ስትገዙ ብርሃን ከወዲያ ወዲህ የሚያሳልፈውን ምረጡ። ሦስተኛው፣ የቀዳዳዎቹ አፍ በምድጃው በር በኩል መሆን የለበትም፤ ፍም ሊገባባቸው ይችላልና። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ክፍት ይሁኑ።

አምስተኛ፣ በብሎኬቶቹ ላይ ከ0.6 ሚሊሜትር የማያንስ ላሜራ አነጠፍን። አንዱ ላሜራ በሌላው ላይ አምስት ሳንቲሜትር ያህል እንዲደረብ አደረግን። ላሜራው ሁለት ጥቅም አለው፤ ሊሾው በብሎኬቶቹ መገናኛ ወደ ታች እንዳይፈስና ጣውላውን እንዳያረጥብ ይከላከላል፤ ንጣፉ አንድ ቀን ቢሰነጠቅም በስንጥቁ ፍም እንዳያልፍ ያግዳል። ከብሎኬቱ ሥርም ሆነ ከላዩ ላስቲክ፣ ችፑድ ወይም የወለል ፕላስቲክ ምንጣፍ አታስገቡ። የማይነድ መሠረት ሲባል እስከ ጣውላው ድረስ የሚነድ ነገር የሌለበት ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ ዙሪያውን በአንግል ብረት አቀፍነው። በብረቱ ውስጥ የወንፊት ሽቦ ዘርግተን፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሰን፣ ሦስት ሳንቲሜትር ሊሾ አፈሰስን። ለዚህ ሁሉ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ በቂ ነው። በውሃ ልክ አስተካክለን፣ ሰባት ቀን ሙሉ ጆንያ እያለበስን ውሃ አጠጣነው። ከዚያ በኋላ ሴራሚኩን በሲሚንቶ ለጠፍን፤ መካከሉንም በሲሚንቶ ሞላን። ሴራሚክ ለምድጃ ሲሆን በኮላ አይለጠፍም፤ ኮላ በሙቀት ይለቃልና። ለስብራት የሚሆነውን ጨምሮ 2.5 ሜትር ካሬ ሴራሚክ ይበቃል። ከቀድሞው ያልተሰበረውን ደግመን ተጠቅመንበታል።

ሰባተኛ፣ የምድጃውን እግር አስረዘምን። በያጅ ጠርተን ከአምስት ወደ 20 ሳንቲሜትር አሳደግነው። በምድጃው ሆድና በንጣፉ መካከል ያለው ክፍት ስፍራ ሁለተኛው የአየር መንገድ ነው። ይህ ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከሴራሚኩ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ምድጃውንም ከግድግዳው 90 ሳንቲሜትር አራቅነው። የጭቃ ግድግዳ የማይነድ ይመስላል እንጂ በውስጡ ጭድና እንጨት እንዳለበት አንርሳ። ቱቦው ኮርኒሱን በሚያልፍበት ቦታም እንዲሁ የሚነደው ነገር 45 ሳንቲሜትር ያህል እንዲርቅ ተደረገ።

ሲያልቅ ወዲያው አላነደድንበትም። ሊሾው እስኪጠና አንድ ወር ያህል ጠበቅን። ከዚያም በመጀመሪያ በጥቂት ጭራሮ፣ ቀጥሎ በጥቂት ፍልጥ፣ በመጨረሻ በሙሉ ማገዶ አነደድን። እርጥበት ያለበት ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ ቢግል ይሰነጠቃል።

ከዚያ በኋላ ግን «አለቀ» ብለን ፎቶግራፍ ለማንሣት አልቸኮልንም። አስቀድመን ፈተናው። ፈተናው ቀላል ስለሆነ ማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ሊያደርገው ይችላል። አንድ ቁራጭ ሻማ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርጋችሁ፣ በረጅም ሽቦ እየገፋችሁ በብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ እስከ ምድጃው ሥር መካከል ድረስ አስገቡት። ምድጃውን ሦስት ሰዓት ያህል በደንብ አንድዱ። ከዚያ ሻማውን ስባችሁ እዩት። ሻማ የሚቀልጠው ከ50 እስከ 65 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። እንጨት ለዘለቄታው እንዳይጎዳ ደግሞ ሙቀቱ ከክፍሉ ሙቀት 50 ዲግሪ ያህል ብቻ ቢበልጥ ነው የሚመከረው። እንግዲህ ሻማው ቅርጹን እንደ ጠበቀ ከወጣ መሠረቱ ሥራውን ይሠራል። ቀልጦ ከወጣ ግን እሳቱን አጥፍታችሁ እግሩን እንደ ገና አስረዝሙ፤ የአየሩን መንገድ የዘጋው ነገር እንዳለም መርምሩ። የእኛ ሻማ በጥቂቱ ለስልሶ፣ ሳይቀልጥ ወጣ። ሻማውን የገፉትም የሳቡትም አባባ ነበሩ፤ እኛ ቆመን ተመለከትን።

ከዚህ በኋላ በቀዳዳዎቹ አፍ ላይ የወንፊት ሽቦ አደረግን፤ አይጥ ጎጆ እንዳይሠራባቸው ነው። የአይጥ ጎጆ ደረቅ ሣርና ጨርቅ ስለሆነ በዚያ ሥፍራ አይፈለግም። በየክረምቱ መግቢያ ሽቦው እየተፈታ ቀዳዳዎቹ እንዲጠረጉ፣ የሻማውም ፈተና እንዲደገም በማዕከሉ መዝገብ ጽፈናል።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ከሰሙ በኋላ «እንግዲያስ የእንጀራ ምድጃችንንም በጣውላ ቤት ውስጥ በዚህ መሠረት ላይ እናስቀምጠው?» ብለው ጠይቀውናል። መልሳችን አይሆንም ነው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶ የሚቆጥብ መልካም ምድጃ ነው፤ ነገር ግን እኛ ያየናቸው ሁሉ ወለል የላቸውም፤ እሳቱ የሚነደው በተቀመጡበት መሬት ላይ ነው። ሦስት ጉልቻም እንዲሁ ነው። እንደነዚህ ያሉት ስፍራቸው በመሬት ላይ የተሠራ የተለየ ማድቤት ነው። አሁን የነገርናችሁ መሠረት የሚያገለግለው የራሱ ወለልና ረጅም እግር ላለው የብረት ምድጃ ብቻ ነው።

ለቡና የሚሆነውን የከሰል ማንደጃም አንርሳ። በጣውላ ወለል ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘን ማንደጃውን በመካከሉ የምናስቀምጥ ብዙ ነን። ቄጠማው ሲደርቅ ማገዶ ነው። ሁለት ብሎኬት ጎን ለጎን አስተኝታችሁ በላያቸው አንድ ሰፊ የብረት ትሪ ብታደርጉ ለማንደጃው ይበቃል፤ ሲያልቅም ይነሣል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ እንዳይነድ፣ በተለይም ሰው ተኝቶ እንዳይታደርበት ደግሞ አደራ እንላለን፤ የከሰል ጢስ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል። አመድም ቢሆን ቀዘቀዘ ተብሎ በካርቶን አይጣል። በአመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ከቀን በላይ ሊቆይ እንደሚችል እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ክብሪት ሳይገዙ ከማታ እስከ ጠዋት እሳት ያቆዩ የነበረው በዚሁ ነውና። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ተደርጎ ወደ ውጭ ይውጣ።

በመጨረሻም በምድጃው ዙሪያ ሕፃናት እንዳይደርሱበት ከብረት የተሠራ ዝቅተኛ አጥር አቆምን። ይህን ስናደርግ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ያለው ሥርዓት ትዝ አለን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው ከጣሪያው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ የታዘዘበት ቦታ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ክፍል በችኮላ አልፈነው ነበር። አሁን ግን ቤት የሚሠራ ሰው፣ በውስጡ ለሚያድረው ሰው ሕይወት ተጠያቂ እንደሆነ ገብቶናል። «አላወቅሁም ነበር» ማለት ለእኛ አልበቃንም፤ ምክንያቱም ተነግሮን ነበር። አባባ ነግረውን ነበር።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው ይህ ነው። በፕላን ላይ ምድጃ ስትጽፉ መሠረቱንም ጻፉ። 28 ብሎኬት፣ ላሜራ፣ አንግል ብረት፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ የግንበኛና የበያጅ ዋጋ በበጀቱ ውስጥ ይግቡ። ገንዘቡ ካልበቃ ሴራሚኩን ተዉት እንጂ ብሎኬቱን አትተዉት። ሊሾው ብቻውን ያገለግላል፤ ሴራሚኩ ለጽዳትና ለውበት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቤቱ ውስጥ የሚያድረው፣ የሚጠብቀውና የሚጠርገው ሰው ሲናገር ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙት። እኛ ዲፕሎማችንን ይዘን ያላየነውን አባባ በአፍንጫቸው አወቁት።

ለእናንተ ለደጋፊዎቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። የላካችሁት ገንዘብ አልባከነም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ በሚገባ አልሠራንበትም፤ ስለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን። በፎቶግራፍ ያሳየናችሁ ንጣፍ ያማረ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ግን ይነድ ነበር። ከእንግዲህ ፎቶግራፍ ስንልክላችሁ «ከሥሩ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁን። ብንቆጣም ጠይቁን። ጉባኤያችሁም የጣውላ ወለልና ምድጃ ካለው፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ከወለሉ ሥር ይመልከት። የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ፣ ከምድጃው አጠገብ አንዲት ጣውላ አንሡና እዩ። ጠቁሮ ካገኛችሁት በዚያ ማታ አታንድዱ።

ባለፈው ክረምት ወደ ማዕከሉ ሄደን ነበር። ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል፤ ምድጃው ይነዳል፤ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን አቅፈው በአጥሩ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አባባ በበሩ ላይ ቆመው አየናቸው። «አባባ፣ አሁንስ ይሸታል?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሽትተው፣ «አሁን የሚሸተኝ የእናቶቹ ቡና ብቻ ነው» አሉን።